እንድሪያስ ያልመጣ ቀን

ኢስትቦርን የጡረተኛ ከተማ ነው። ለመሳደብ አይደለም፤ እኔም ጡረተኛ ነኝ። ግን ሰው ለዕረፍት ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ የሚያየው ሁሉ የራሱ እኩያ ሲሆን ያናድዳል። በባሕሩ ዳር የተደረደረው አግዳሚ ወንበር በሙሉ ተይዟል፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ባደረጉ ሴቶችና ውሻቸውን እንደ ልጅ በሚያናግሩ ወንዶች። ባሕሩ ዳር ያለው አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው። ነፋሱ ሻርፔን ሁለቴ ነጥቆኛል። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ፍልሰታ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ እነሱ ደግሞ ይህን በጋ ይሉታል።

“ይኼ ነው በጋችሁ?” አልኩት ተክለሃይማኖትን፣ እንግሊዝን እሱ የሠራት ይመስል።

“አየሩ ለሳንባ ጥሩ ነው።”

“ሳንባዬ ምን ሆነ?”

“ለእኔ ማለቴ ነው” አለና ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። ራሱ ላይ አንድም ጸጉር የለም፤ ኮፍያው ከሄደ በቃው።

ተክለሃይማኖት አበልጄ ነው። ልጄን ቢኒያምን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅ ደግሞ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅሽን ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምሽ ነው። ቤትሽ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሲታመም ታስታምሚዋለሽ፣ ሲሞት ፊትሽን ትነጪለታለሽ። ወንድም ስለሆነም አያገባሽም፤ ማለቴ ባል አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ከልክላዋለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እህትና ወንድም እንደማይጋቡ ማን ያስተምራል?

ለዚህም ነው ስለ ጉዟችን ማንም ያላማን። እኔ የምኖርባት የጄኔቫ ምእመናን አንዲት ሴት ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣች ከራሷ ቀድመው የሚያውቁ ናቸው። እኔ፣ የሻረግ፣ የስድሳ ሰባት ዓመት መበለት፣ ከአንድ ሚስት ካላገባ ወንድ ጋር እንግሊዝ ልሄድ ነው ስላቸው ግን “እሰይ፣ አበልጅሽ እኮ ነው፤ ይጠብቅሻል” ብለው መረቁኝ።

ጉዞውን የከፈለልን ቢኒያም ነው። ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ይኖራል፣ ትዳር ይዟል፣ አማርኛው እንደ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳውን በፈረንሳይኛ ይደፍነዋል። “ማማ፣ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሰው አንሶላ ላቭ አድርገሽ፣ አንድ ቀን ቫካንስ አልሄድሽም። ይሄ ኖርማል አይደለም” አለኝ። “ብቻሽን አትሂጂ፤ ከፓራን ጋር ሂጂ።” ፓራን የሚለው የክርስትና አባቱን ነው፤ ላቭ ማጠብ፣ ቫካንስ ዕረፍት። እኔ ኒስ ይሻላል፣ እዚያ እንኳ ፀሐይ አለ አልኩ። ተክለሃይማኖት ግን “ኢስትቦርን ይሁን” አለ። ይህ ሰው ቲማቲም ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ነው። ያን ዕለት ሳያመነታ ሲመርጥ መጠርጠር ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ የክርስትናውን ቀን መናገር አለብኝ። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ጄኔቫ የነበርነው ሐበሾች አንድ ክፍል የማንሞላ ነበርን፤ የራሳችን ቄስ አልነበረንም። ቢኒያም አርባ ቀን ሲሞላው አባ ጴጥሮስ ከለንደን በመርከብና በባቡር መጡልን። ሌሎች ኦርቶዶክሶች ጸሎት ቤታቸውን ለአንድ ጠዋት አዋሱን። ክርስትና እንዲያነሳ የተመረጠው ፍራንክፈርት የሚኖር እንድሪያስ የሚባል የባለቤቴ የከፈለ አብሮ አደግ ነበር። ሌሊቱን በባቡር ሲመጣ ወረቀቱ ጎድሎ ኖሮ ከድንበር መለሱት። ያኔ ሞባይል የት አለ? እኛ በር በሩን እናያለን፤ አባ ጴጥሮስ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ጸሎት ቤቱን የምናስረክብበት ሰዓት ደረሰ። ከፈለ ዞር ሲል ከዙሪክ ለድግሱ ብሎ የመጣ አንድ ቀጭን ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

“ተክሌ፣ በል አንተ ያዘው” አለው። በቃ፣ ይኼው ነው። የሦስት ሰው ዕድሜ እንዲህ ተወሰነ።

“ወደ ምዕራብ ዙርና ሰይጣንን እክድሃለሁ በል” አሉት አባ። ተክሌ ጄኔቫ ከገባ ሁለት ሰዓቱ ነው፤ ምዕራቡ የት እንደሆነ በምን ያውቃል? ልጁን እንዳቀፈ አንድ ዙር ተሽከረከረና እኔ ፊት ቆመ። ዓይን ዓይኔን እያየ ሰይጣንን ካደ። ከፈለ እስኪሞት ድረስ በዚህ ስቋል። “ሚስቴን እያየህ ነው ሰይጣንን የካድከው!” ይለዋል፤ ተክሌ ያፍራል፤ ልጁ ያጨበጭባል።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔ ምንም አልነበረም። ከፈለን እወደው ነበር። ተክሌ ዙሪክ ትራም ይነዳል፤ በየበዓሉ ይመጣል። ቢኒያምን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው። ለምን አታገባም ሲሉት “ትራሙ አላቆም ብሎኝ” ይላል።

ከፈለ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተክሌ እስከ አርባው ድረስ ከዙሪክ ይመላለስ ነበር፤ ከሥራ ወጥቶ ባቡር ላይ እየተኛ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መደወል ጀመረ። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። “ምን በላሽ?” መጀመሪያ ላይ “ዳቦ በሻይ” እለዋለሁ፤ ዝም ይላል። የሱ ዝምታ ስለሚከብደኝ ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ሌ ሊኞን በሚባለው ሰፈሬ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ለአንዲት ሴት፣ ጎመን ብቻውን፣ ምስር ብቻውን። ለራሴ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ሳይደውል ሁለት ሰዓት ሆነና ድስቱን ሳልከፍተው ተኛሁ። ያኔ ገባኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

እሱ የተናገረው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ለመድኃኔ ዓለም ንግሥ ዙሪክ ሄጄ ሲሸኘኝ፣ ባቡሩ ደርሶ አንድ እግሬን ካስገባሁ በኋላ፣ “የሻረግ” አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ አበልጄ ነበር የሚለኝ።

“አቤት?”

“ምነው ያን ቀን እንድሪያስ በመጣ ኖሮ።”

በሩ ተዘጋ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ተክሌ ሁለቱም ደርሶበታል ብዬ ልስቅ ፈለግኩ። አልሳቅኩም። እስከ ፍሪቡርግ አለቀስኩ። ትኬት የሚያየው ሰውዬ ትኬቴን ሳያይ መሐረብ ሰጥቶኝ አለፈ። አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ከዚህ የበለጠ ነገር ሊናገር አይችልም። መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም አልደገመውም። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን እየደወለ፣ በስሜ እየጠራ፣ ምን በላሽ ማለቱን ቀጠለ።

ኢስትቦርን በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ባሕሩ ውስጥ ድረስ ገብቶ በሚቀረው የእንጨት ድልድይ ላይ ስንሄድ ቆመ።

“አባ ጴጥሮስ በሕይወት አሉ” አለኝ።

“እሰይ! የት?”

“እዚሁ።” በአገጩ ወደ ዳገቱ አሳየኝ። “የእህታቸው ልጅ ጸሐይነሽ እዚህ ያረጁ ሰዎችን ትጦራለች። ከለንደን አምጥታቸው አብረዋት ይኖራሉ።”

“አንተ ተንኮለኛ! ለዚህ ነው እንዴ ሳንባህን ያመመህ?”

አልሳቀም። ክርስትናውን የጻፉበት መዝገብ አሁንም አባ ዘንድ እንዳለ ነገረኝ። አባ ስሞቹን የሚጽፉት በዋዜማው ነበር። ከፈለ በዋዜማው የሰጣቸው ስም ደግሞ የእንድሪያስ ነው። ጠዋት በነበረው ጥድፊያ ሳያርሙት ቀርተው ይሆናል።

“ካላረሙትስ?”

“ካላረሙትማ፣ አበልጅሽ አይደለሁም።”

ባሕሩን አየሁ። ልቤ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ልብ ይመታል፤ ተናደድኩበትም። “እጅህስ ምን ይላል?” አልኩት። “ያቀፍክበት እጅህ?”

“እጄ አርጅቷል፤ ይረሳል።” ሊስቅ ሞከረ። “አንቺ ሂጂና ጠይቂያቸው። እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ። የነገርሽኝን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛም አላነሳውም።”

“ለምን አብረን አንሄድም?”

“አንቺ ሂጂ” አለኝ። ፈሪ! አልኩ በሆዴ፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ፈሪ። ሄድኩ።

ቤቱ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ዳገት ላይ ነው። ጸሐይነሽ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከፈተችልኝና ወደ ውስጥ አስገብታኝ እሷ ወደ ማድቤት ሄደች። አባ ጴጥሮስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። መስቀል ተሳለምኩ። የማን እናት እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

“ወደ ሚስቲቱ የዞረው!” አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። “ለስንቱ አውርቼዋለሁ መሰለሽ።”

መዝገቡን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ከአልጋቸው ሥር ካለው ሻንጣ ጥቁር ደብተር አወጡ፤ ገጹን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ያኔ ይህን ነገር ልብ አላልኩትም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የሕፃኑ ስም፣ የክርስትና ስሙ፣ የአባት ስም ከፈለ፣ የእናት ስም የሻረግ። የክርስትና አባት፣ እንድሪያስ።

እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ።

አባ ደብተሩን ሳይዘጉ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። “መዝገቡ እንድሪያስ ይላል” አሉ። “ዓይኔ ደግሞ ሌላ ሰው አይቷል። መዝገቡ የሚለውን ጽፈው ይስጡኝ ብትዪኝ ጽፌ እሰጥሻለሁ፤ የሚለውን ነውና። ልጁን ማን ተቀበለው ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን አልዋሽም። ሰማንያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ወዴት ልሄድ እንደተቃረብኩ አውቃለሁ። እንግዲህ ልጄ፣ የምትጠይቂኝን አስበሽ ጠይቂኝ።”

አሰብኩ። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ጸሐይነሽ ብርጭቆ ታጥባለች። ወረቀቱን ብቀበል ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ታየኝ። ተክሌ ያምነዋል፤ ማመን ስለሚፈልግ ያምነዋል። ጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን እንቆማለን። በዚህ ዕድሜ የሚያገባ ሰው በቁርባን ነው የሚያገባው፤ ሥጋ ወደሙ ፊት ጎን ለጎን እንቀርባለን። ልጁን ማን እንዳቀፈው ግን እኔ አይቻለሁ። ሰይጣን የተካደው እኔን እያየ ነው። ቢኒያምስ? ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ፓራን የሚለው ሰው የክርስትና አባቱ አይደለም፣ አንድ ፊቱን አይተኸው የማታውቀው፣ ፍራንክፈርት የሞተ ሰው ነው ልለው ነው?

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ለተክሌ ነፍስ ብዬ ነው ብል ግማሹን ነው የተናገርኩት። የፈራሁት ራሴን ነው። ወረቀቷ እጄ ከገባች እንደማልመልሳት አውቃለሁ።

“ምንም አልጠይቅዎትም፣ አባ” አልኩ። መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁ።

ዳገቱን ቀስ ብዬ ወረድኩ። ለምን ቀስ እንዳልኩ በቦታው እናገራለሁ። ተክሌ ባሕሩ ዳር አንድ ጫፉ ባዶ የሆነ አግዳሚ አግኝቶ ተቀምጧል፤ ሲያየኝ ተነሳ፤ ኮፍያውን አወለቀ። እንዲያ በነፋስ ባዶ ራሱን ቆሞ ሳየው ሐሳቤን ልቀይር ትንሽ ቀረኝ።

“እህ?” አለኝ።

“ያንተ ስም ነው” አልኩት። “አርመውታል። ተክለሃይማኖት ይላል፣ በአባ እጅ የተጻፈ፣ አንተው ነህ።”

በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ለኪራይ ቢሮ፣ ለአለቃዬ፣ ለሐኪም። እንደዚህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ያዝናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ማፈር ያለ ነገር። ምን እንዳሳፈረው አልገባኝም። ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

“እንግዲህ ምን ይደረጋል” አለ። “ነይ፣ ብርዱ ሳይመታሽ ሻይ ልጋብዝሽ፣ አበልጄ።”

አበልጄ አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የቀሩትን ሦስት ቀናት እንደ ጨዋ ሰው አሳለፍናቸው። ቦርሳዬን ይይዝልኛል፤ በረደሽ ወይ ይለኛል፤ ሆቴል ስንመለስ በየክፍላችን በር ላይ “ደህና እደሪ፣ አበልጄ” ብሎ ይሄዳል። በመጨረሻው ቀን የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ገዝተን ስንበላ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ መጣና ዓሣውን ከእጄ ላይ ነጥቆኝ በረረ። “ሌባ!” ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ሳቅን። የሱ ሳቅ ከእኔ ሳቅ ቀድሞ አለቀ፤ ወደ ባሕሩ ዞሮ አፉን ጠረገ። ብቻዬን ስቄ ጨረስኩ።

ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ እንደ ሌላው ጊዜ ቤት ገብቶ አልበላም። ከዚያው ሥር የዙሪክ ባቡር ይነሳል፤ እሱን ይዞ ሄደ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ አልደወለም። ነገ ይሆናል አልኩ። ፍልሰታ ገባ፤ ሱባዔ ይዞ ይሆናል አልኩ። ፍልሰታ ተፈታ፤ አልደወለም። ራሴ ስደውል ያነሳል፤ “ደህና ነሽ አበልጄ? ቢኒያምስ?” ይላል፤ ምን በላሽ አይልም። ይህን የፈለግሽው አንቺ አይደለሽም ወይ፣ የሻረግ? እላለሁ ለራሴ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ደግሞ እያደርኩ የምጠቁር ሆንኩ። ወጥ መሥራት ተውኩ።

ለእንቁጣጣሽ እንኳን አደረሰዎ ልል አባ ጴጥሮስ ዘንድ ደወልኩ። ባረኩኝ፤ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ከዚያ፣ “ተክለሃይማኖትስ እንዴት ነው?” አሉኝ። “እንግዲህ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የማነሳው። ለፋሲካ ደውሎ መዝገቡን ባነበብኩለት ጊዜ፣ ለአንቺ እንዳልነግርሽ አደራ ብሎኝ ነበር። ‘ሳታውቅ ትምጣ፤ ራሷ ትስማው’ አለኝ።”

“ምን አነበቡለት?” አልኩ፤ አውቄው።

“ያንቺኑ ነዋ። እንድሪያስ የሚለውን።”

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ቁጭ ብዬ ቀናቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ከፋሲካ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ኢስትቦርን ይሁን ሲል ያውቅ ነበር። ድልድዩ ላይ ያውቅ ነበር። እኔ ፊቱ ቆሜ “ያንተ ስም ነው” ስለው፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ ነው የሰማኝ። ታዲያ ምን ብሎ ይረዳው? መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ በሩን በእጇ ዘጋችው፤ አትፈልገኝም፤ እኔን ላለማሳፈር ዋሸች ብሎ ነዋ። ይኼ ነበር ያ ፊቱ ላይ ያየሁት። ሴት ጠይቆ እምቢ የተባለ ሽማግሌ የሚያፍረው ማፈር።

በማግስቱ ጠዋት የዙሪክ ባቡር ላይ ነበርኩ። እንደምመጣ አልነገርኩትም። ኧርሊኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ያለው ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በሩን ሲከፍት በካልሲ ነበር፤ መላጨት ትቶ ጢሙ ነጭ ሆኖ አድጓል።

“ምነው? ቢኒያም ደህና ነው?” አለ ደንግጦ።

“ሁሉም ደህና ነው። አባ ጴጥሮስ ነገሩኝ።”

ከበሩ ዞር አለልኝ፤ ገባሁ። አልተቀመጥኩም። ባቡሩ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንድ ቃል አላስታወስኩም።

“ስለማልፈልግህ አይደለም የዋሸሁህ” አልኩት። “ወረቀቱን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ ብዬ ነው። በሐሰት ቁርባን ፊት እንዳትቆም ብዬ ነው።”

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

“የትም አልሄድም ነበር” አለኝ። “ያን ልጅ ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ የማንም ስም ይጻፍ፣ እጄን አልክድም። እንደማይሆን መች አጣሁት? አንቺ ብትስማሚ እንኳ እኔው ራሴ አይሆንም፣ የሻረግ፣ እልሽ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ላክኸኝ?” ጮህኩ። “ለምን ያን ዳገት አስወጣኸኝ?”

“አንድ ጊዜ ማየት ፈልጌ ነው።”

“ምኑን?”

“ከዚያ ዳገት ላይ ደስ ብሎሽ ስትወርጂ። ‘ተክሌ፣ ነፃ ነን’ ስትዪኝ። ለአንድ ቀን፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ከዚያ በኋላ ያለውን እችለው ነበር።”

ከዚህ በኋላ ነው የተቀመጥኩት። የለመነኝ አንድ ሰዓት ነበር፤ እሱንም ከለከልኩት። እኔ ስለ ነፍሱ ስጨነቅ፣ ነፍሱን ከእኔ በተሻለ ይዟት ኖሯል። ባል አድርጊኝ አላለኝም። እንደምወደው ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው፤ እኔ ደግሞ አልወድህም ብዬ ሸኘሁት፤ በጋውን ሙሉ ይህን ይዞ ብቻውን ተቀመጠ።

ያኔ ነገርኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው። ከአባ ጴጥሮስ ቤት ወጥቼ ዳገቱን ስወርድ፣ እሱ ያለበት እስክደርስ ድረስ፣ ሚስቱ እንደነበርኩ ነገርኩት። ሌ ሊኞን ያለውን ቤት አስተካክዬ፣ የከፈለን ወንበር ለቢኒያም ሰጥቼ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን የአልጋ ጎን ለእሱ ለቅቄለት ነበር። ጫማውን የት እንደሚያወልቅ ሳይቀር ወስኜ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ሳይደውል አብረን ስንበላ አይቼ ነበር። አግዳሚው ጋ ስደርስ ግን ሁሉንም አፈረስኩት።

ተክሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልነካው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። አበልጄ ነው።

እጁን ከፊቱ ሳያነሳ፣ “ቀስ ብለሽ ነበር የወረድሽው” አለኝ። “ከሩቅ ሳይሽ ነበር። እንዴት አድርጋ እምቢ እንደምትለኝ እያሰበች ነው ብዬ ነበር።”